የጣውላ ማዕዘን ማድቦልቦል፦ ለጀማሪ እንጨት ሠራተኞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በዙሪያቸው ባሉ ከተሞች ሙያውን ለመልመድም ሆነ ለቤታቸው ዕቃ ለመሥራት ሲሉ መጋዝ ለጨበጡ ጀማሪዎች ነው። ጥያቄዎቹ የረከቦት ገጽ፣ የኮመዲኖ ክዳን፣ የመደርደሪያ ጣውላና ይህን የመሳሰለ ጠፍጣፋ እንጨት ማዕዘኑ እንዴት ክብ እንደሚደረግ የሚመለከቱ ናቸው። መልሶቹ ቢለያዩም አንድ ነገር ያያይዛቸዋል፤ ይኸውም ቅስቱን የሚያወጡት እርሳስ፣ መጋዝና ሞረድ ሲሆኑ የብርጭቆ ወረቀት ሥራው ካለቀ በኋላ ለማለስለስ ብቻ የሚመጣ መሆኑ ነው። ጀማሪዎች ከሚቸገሩባቸው ነገሮች አብዛኛው ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ የሚፈጠር ነው።

ማዕዘኑን ማድቦልቦል ከውበት ያለፈ ጥቅም አለውን?

አለው፤ እንዲያውም ውበቱ በሦስተኛ ደረጃ የሚነሣ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ሹል ማዕዘን የጣውላው ደካማ ቦታ ነው። በማዕዘኑ ጫፍ ላይ የሚገኘው የእንጨት ቃጫ አጭር ስለሆነ፣ ዕቃው ሲወድቅ ወይም ከበር ጋር ሲጋጭ ተሰንጥሮ የሚነሣው እዚያ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ቨርኒሽም ሆነ ቀለም በሹል ጠርዝ ላይ ስስ ሆኖ ስለሚቀር በአጠቃቀም ብዛት ቀድሞ የሚላጠው ከዚያው ነው። በዚህ ላይ በእኛ አገር ቤት የቡና ዕቃ የሚቀርበው ዝቅ ብሎ፣ ልጆች በሚሮጡበት ከፍታ ላይ መሆኑን ያስቡ፤ የረከቦት ማዕዘን ከሕፃን ግንባር ጋር የሚገናኝበት ከፍታ ነው። በወሎ የቁርኣን ተማሪዎች በብብታቸው ሸጉጠው የሚሄዱት ሉሕም (የእንጨት መጻፊያ ሰሌዳ) ማዕዘኑ ሹል ቢሆን ኖሮ ልብስ በቀደደና ጎን በወጋ ነበር።

ማዕዘንን ማድቦልቦልና ጠርዝን ማለዘብ አንድ ሥራ ነውን?

አይደለም። ማዕዘን የሚባለው ጣውላውን ከላይ ሲመለከቱት ሁለት ጎኖች የሚገናኙበት ቦታ ሲሆን፣ ጠርዝ የሚባለው ደግሞ የላይኛው ገጽና የጎኑ ውፍረት የሚገናኙበት መስመር ነው። ማዕዘኑ ሁልጊዜ ይቀድማል፤ ጠርዙ የሚለዘበው ቅስቱ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ምን ያህል ሬዲየስ ልምረጥ?

ሬዲየስ ማለት ከቅስቱ ማዕከል እስከ ቅስቱ ያለው ርቀት ነው። ቁርጥ ያለ ሕግ የለም፤ ሆኖም ለመነሻ የሚሆን ልክ መስጠት ይቻላል። ለኮመዲኖ ክዳንና ለመደርደሪያ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ረከቦት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር፣ ለምግብ ጠረጴዛ ደግሞ ከ50 እስከ 80 ሚሊ ሜትር ዓይንን የማይጎረብጥ ነው። ከመወሰንዎ በፊት በካርቶን ላይ ሁለት ወይም ሦስት ልዩ ልዩ ቅስቶች ቆርጠው በጣውላው ማዕዘን ላይ ያኑሩና ቆም ብለው ከርቀት ይመልከቱ። በወረቀት ላይ ትንሽ የሚመስል ቅስት በዕቃው ላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚበቃ ሆኖ ይገኛል።

ጀማሪዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ከጣውላው በታች ያለው ነገር ነው። የጠረጴዛው እግር ከማዕዘኑ ጋር እኩል ሆኖ የሚቆም ከሆነ፣ ላይኛው ገጽ ሲድቦለቦል የእግሩ ሹል ጫፍ ከሥሩ ወጥቶ ይታያል፤ ጉልበትም ይመታል። ስለዚህ ወይ እግሩን ወደ ውስጥ ማስገባት፣ ወይ የእግሩንም ውጫዊ ማዕዘን በዚያው ሬዲየስ ማድቦልቦል፣ አለዚያም ሬዲየሱን መቀነስ ያስፈልጋል።

ቅስቱን በትክክል የማሰምረው እንዴት ነው?

ሬዲየሱ 30 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ከማዕዘኑ ጫፍ ተነሥተው በሁለቱም ጎኖች 30 ሚሊ ሜትር ይለኩና ምልክት ያድርጉ። ከእያንዳንዱ ምልክት ላይ ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያ) ደግነው ወደ ውስጥ መስመር ሲያሰምሩ ሁለቱ መስመሮች አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፤ የኮምፓሱ መርፌ የሚያርፈው በዚያ ነጥብ ላይ ነው። ኮምፓሱን በ30 ሚሊ ሜትር ከፍተው ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው ያዙሩት። መርፌው በሚታየው ገጽ ላይ ቀዳዳ እንዳይተው የሚሰመረው በታችኛው ገጽ ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ በላይኛው ገጽ ማስመር ግድ ከሆነ ደግሞ ማዕከሉ ላይ የወረቀት ፕላስተር ደራርቦ መለጠፍ ይበቃል።

ኮምፓስ የሌለው ሰው የቲማቲም ድልህ ጣሳ፣ የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ወይም ሳንቲም ሊጠቀም ይችላል። የአንድ ብር ሳንቲም ስፋቱ 27 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 13 ሚሊ ሜትር ተኩል ሬዲየስ ይሰጣል፤ ለኮመዲኖ የሚበቃ ነው። ክብ ነገር ሲጠቀሙ ዕቃው ሁለቱንም ጎኖች በትክክል መንካቱን በጣትዎ ዳስሰው ያረጋግጡ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ከገባ ቅስቱ ጎኑን የሚያገኝበት ቦታ ላይ ጉብታ ይቀራል።

አሁን ደግሞ ሥራውን በእጅጉ የሚያቀል አንድ ስሌት እንጨምር። ሬዲየሱን በ0.586 ያባዙ። ለ30 ሚሊ ሜትር 17.6፣ ለ20 ሚሊ ሜትር 11.7፣ ለ50 ሚሊ ሜትር ደግሞ 29.3 ይመጣል። ከማዕዘኑ ጫፍ በሁለቱም ጎኖች ይህን ያህል ለክተው ምልክቶቹን በቀጥታ መስመር ቢያገናኟቸው፣ መስመሩ ቅስቱን መሐሉ ላይ ብቻ ይነካዋል። ከመስመሩ ውጭ ያለው ሦስት ማዕዘን ሁሉ ለቅስቱ የማያስፈልግ ትርፍ ነው። ጀማሪ ግን የመጋዝ እጁ እስኪጸና ድረስ በ17.6 ፋንታ በ16 ሚሊ ሜትር ላይ ቢያሰምር፣ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል መጠባበቂያ ያገኛል።

ለመጀመሪያ ሥራ የትኛው እንጨት ይሻላል?

ዋንዛ ካገኙ ዋንዛ ነው። ለመጋዝም ለሞረድም ገር ነው፤ ሲደርቅም ብዙ አይጣመምም። ችግሩ እንደ ልብ አለመገኘቱ ነው፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ጽድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ ስለዚህ ሲገዙ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይገባል። በእኔ አስተያየት ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው የድሮ በር ወይም የተሰበረ አልጋ ገዝቶ ከዚያ ላይ መለማመድ ነው። የዘመናት ድርቀት ያለው እንጨት በርካሽ ይገኛል፤ ሚስማሩን ግን አንድም ሳይቀር መንቀል ያስፈልጋል።

የፈረንጅ ጽድም ለስላሳ ስለሆነ ለልምምድ ይሆናል፤ ጉጥ ያለበት ቦታ ማዕዘን ላይ እንዳይውል ብቻ ይጠንቀቁ። የአገሩ ጽድ ሽታው ደስ የሚል ቢሆንም ቶሎ ይሰነጠቃል። ወይራ ጠንካራና ክብደት ያለው በመሆኑ የጀማሪን መጋዝ ያደነዝዛል። ባሕር ዛፍ በየገበያው የሚገኝ ቢሆንም ብዙ ጊዜ እርጥብ ሆኖ ስለሚሸጥና ቃጫው እየተጠላለፈ ስለሚሄድ ያስቸግራል።

እርጥብነቱ በተለይ ለዚህ ሥራ ጉዳት አለው። እንጨት ሲደርቅ በስፋቱ አቅጣጫ ይኮማተራል እንጂ በርዝመቱ አቅጣጫ የሚቀንሰው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በመሆኑም በእርጥብ ጣውላ ላይ በኮምፓስ የወጣ የ30 ሚሊ ሜትር ቅስት ሲደርቅ በአንድ አቅጣጫ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ጠብቦ የክብነት መልኩን ያጣል። በክረምት ደሴ ላይ የተገዛ ጣውላ ሞቃታማ ወደሆነችው ኮምቦልቻ ወርዶ የሚሠራ ከሆነ በጥላ ሥር፣ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባ ተደርድሮ አየሩን እስኪለምድ ይቆይ።

የኤሌክትሪክ መሣሪያ የለኝም፤ በእጅ ብቻ መሥራት እችላለሁን?

ይቻላል፤ ለአራት ማዕዘን ደግሞ ከማሽኑ ብዙም የሚዘገይ አይደለም። መብራት በሚጠፋበት ቀንም ሥራ አይቆምም። የሚያስፈልገው ጥርሱ ደቃቅ የሆነ የእጅ መጋዝ፣ ራስፓ የሚባለው ሻካራ የእንጨት ሞረድ፣ ለስላሳ ሞረድ፣ እንጨቱን ነክሶ የሚይዝ ሞርሳና የብርጭቆ ወረቀት ነው።

ጣውላውን በሞርሳ ላይ በቁመቱ ሲያስሩት ማዕዘኑ ከመንጋጋው ብዙ ከፍ እንዳይል ያድርጉ፤ ከፍ ካለ እየተርገበገበ መስመር ያስታል። በሁለቱ የሞርሳ መንጋጋዎች ላይ ስስ ኮምፔንሳቶ (ከስስ ንብርብሮች ተጣብቆ የተሠራ ጣውላ) ካላስገቡ ብረቱ በእንጨቱ ላይ አሻራ ይተዋል። ሞርሳ በሌለበት ጣውላውን ከጠንካራ ጠረጴዛ ጋር አጥብቆ ማሰር ይበቃል፤ በእግር ረግጦ መቁረጥ ግን ለመስመሩም ለእግሩም አይበጅም።

ከዚያ ቀደም ሲል ባሰመሩት የ45 ዲግሪ መስመር ላይ ሦስት ማዕዘኑን ቆርጠው ይጥሉታል። በዚህ አንድ ቁርጥ ምን ያህል መንገድ እንደሚኬድ መመልከት ጠቃሚ ነው። ሬዲየሱ 30 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከማዕዘኑ ጫፍ እስከ ቅስቱ ያለው ርቀት 12.4 ሚሊ ሜትር ነው። የመጀመሪያው ቁርጥ በትክክል ሲቆረጥ ከቅስቱ ውጭ የሚቀረው ትልቁ ጉብታ 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ እርሱም ቁርጡ ከጎኖቹ ጋር በሚገናኝባቸው ሁለት ጫፎች ላይ ይገኛል። እነዚህን ሁለት ጫፎች ደግሞ በመጋዝ ወይም በስለታም መሮ ለየብቻ ሲያነሡ የሚቀረው ጉብታ ከ0.6 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ይህን ሞረዱ በጥቂት ምት ይጨርሰዋል። በአንጻሩ የመጋዙን ሥራ ዘልሎ 12.4 ሚሊ ሜትር እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ሊበላ የተነሣ ሰው ወረቀቱን ይጨርሳል፣ ክንዱ ይዝላል፣ ማዕዘኑም የተላሰ ስኳር መስሎ ይቀራል።

ሞረዱን ሲጠቀሙ ቅስቱን ተከትሎ እንዲዞር እጅዎን እያወዛወዙ ይግፉ፤ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የሚሞርድ ሰው ጠፍጣፋ ቦታ ይፈጥራል። በራስፓው ከመስመሩ አንድ ሚሊ ሜትር ሲቀር ያቁሙ፤ ለስላሳው ሞረድ የእርሳሱን መስመር በግማሽ እስኪነካ ያድርሱ፤ የቀረውን ለወረቀቱ ይተዉለት። በመካከሉ ስኳድራውን በጣውላው ገጽ ላይ ደግነው ቅስቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ያላዘነበለ መሆኑን ደጋግመው ይመልከቱ። የጀማሪ እጅ በአብዛኛው ወደ ራሱ ስለሚያዘነብል ቅስቱ ከላይ ትክክል ሆኖ ከሥሩ ሲጎድል ይታያል።

ስሠራ እንጨቱ እየተሰነጠረ ያስቸግረኛል፤ ከየት ወደ የት ልግፋ?

ከጎን ወደ ራስ ነው። ጎን ስንል ቃጫው በርዝመቱ የሚሄድበትን፣ ራስ ስንል ቃጫው ተቆርጦ ጫፉ የሚታይበትን ወገን ማለታችን ነው። መላጊያም ሆነ መሮ ከጎን ተነሥቶ ወደ ራስ ሲወርድ ስንጥሩ ቢፈጠር እንኳ ቃጫውን ተከትሎ ወደ ውጭ ይወጣል። ከራስ ወደ ጎን ሲገፉ ግን ስንጥሩ ወደ ጣውላው ውስጥ ይሮጣል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ ከመስመሩ በታች ያለውን እንጨት ይዞ ይነሣል።

ሌላው ስንጥር የሚመጣው በውፍረቱ በኩል ነው። ገፍተው የሚቆርጡበት የእጅ መጋዝ የሚሰነጥረው በሚወጣበት በጀርባው ገጽ ነውና፣ ከጀርባ ቁራጭ እንጨት አጥብቀው ይሰሩ ወይም መስመሩን በስለታም ቢላ አስቀድመው ይብጡት። ሞረዱንም ከሁለቱም ገጾች ወደ መሐል እየገፉ ይጠቀሙ።

በጂግሶ ስቆርጥ የላይኛው ገጽ ይቦጫጨቃል፤ ለምን?

ጂግሶ ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ የኤሌክትሪክ መጋዝ ነው። የተለመደው የጂግሶ ምላጭ የሚቆርጠው ወደ ላይ ሲመለስ ስለሆነ የሚቦጫጭቀው ላይኛውን ገጽ ነው። መፍትሔው በታችኛው ገጽ ላይ አስምሮ ጣውላውን ገልብጦ መቁረጥ ነው። ጥርሱ ደቃቅ የሆነ ጠባብ ምላጭ ይምረጡ፤ ሰፊ ምላጭ በጠባብ ቅስት ላይ አይዞርም። ማሽኑን በግድ ሲያዞሩት ምላጩ ከሥር እየጎበጠ ስለሚሄድ፣ ከላይ መስመሩን ተከትሎ ከሥሩ ግን የገባ ቁርጥ ያወጣል። ስለዚህ በጂግሶም ቢሆን ከመስመሩ ሁለት ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ መቁረጥና የቀረውን በሞረድ መጨረስ ከሁሉ የሚያስተማምን ነው።

ራውተር ልጠቀም እችላለሁን?

ከአንድ በላይ ተመሳሳይ ዕቃ ለሚሠራ ሰው ራውተር (በሚሽከረከር ምላጭ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን) ይጠቅማል። ኩሽኔታ ያለው ቀጥ ያለ ምላጭ ፎርማውን (ቅስቱ አስቀድሞ የወጣበትን መምሪያ ቁራጭ፤ አሠራሩ ከታች ይመጣል) እየተከተለ ቅስቱን ያወጣል፤ ሆኖም ትርፉ አስቀድሞ በመጋዝ ተቆርጦ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ መቅረት አለበት። ሙሉውን ማዕዘን በራውተር ለመብላት መሞከር አደገኛ ነው፤ ምላጩ እንጨቱን ነክሶ ይወረውረዋል። ማሽኑን በእጅ ይዘው በጣውላው ውጫዊ ጠርዝ ሲሄዱ አቅጣጫው ከሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ይሁን፤ በሌላው አቅጣጫ ከሄዱ ምላጩ ራሱ ወደፊት እየጎተተ ከእጅዎ ያመልጣል። ጠርዙን በሩብ ክብ ምላጭ ሲያለዝቡ ከራሶቹ ጀምረው በጎኖቹ ይጨርሱ፤ በራሶቹ መጨረሻ ላይ የሚፈጠረውን ስንጥር የጎኑ ቁርጥ ያነሣዋል።

ኮምፔንሳቶ፣ ኤም ዲ ኤፍና ቺፑድ በተመሳሳይ መንገድ ይሠራሉን?

አሰማመሩ አንድ ነው፤ አቆራረጡና አጨራረሱ ይለያያል።

ኮምፔንሳቶ ቃጫው በየንብርብሩ ስለሚቀያየር በአንድ አቅጣጫ የመሰንጠቅ ጠባይ የለውም፤ ነገር ግን የላይኛው ስስ ንብርብር በቀላሉ ይነሣል። በሚቆረጠው መስመር ላይ የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ፤ ሞረዱንም ከገጽ ወደ ውስጥ ይግፉ እንጂ ወደ ውጭ አይጎትቱ። በንብርብሮቹ መካከል ክፍተት ሲገኝ በስቱኮ ይደፈናል።

ኤም ዲ ኤፍ (ከደቀቀ የእንጨት ቃጫና ሙጫ የተጨመቀ ሰሌዳ) የቃጫ አቅጣጫ ስለሌለው ለማድቦልቦል ከሁሉ የቀለለ ነው። ጠርዙ ግን ቀለምን እየጠጣ ይሻክራል። ኮላውን በውኃ አቅጥነው ጠርዙን ይቀቡት፤ ሲደርቅ በ180 ቁጥር ወረቀት ይፈግፍጉትና ከዚያ ወደ ቀለሙ ይሂዱ።

ቺፑድ (ከእንጨት ፍርፋሪ የተጨመቀ ሰሌዳ) ላይ በተለይም ገጹ በፕላስቲክ የተሸፈነው ላይ ማዕዘን ማድቦልቦልን ለጀማሪ አልመክርም። ሽፋኑ እንደ ጥርስ እየተፈረፈረ ይነሣል፣ ከውስጥ የሚወጣው ፍርክስካሽም ካልተሸፈነ እርጥበት ገብቶት ያብጣል። ግድ ከሆነ ሬዲየሱ ከፍ ይበል፤ በካውያ የሚለጠፈው የጠርዝ ማልበሻ ጠባብ ቅስት ላይ ስለሚሰበር 30 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን በቀላሉ ይዞረዋል።

አራቱ ማዕዘኖች እኩል አልሆን አሉኝ፤ ምን ላድርግ?

ፎርማ ይሥሩ። ከስስ ኮምፔንሳቶ አንድ ቁራጭ ወስደው በላዩ ላይ አንድ ቅስት ብቻ፣ ሳይጣደፉና እስኪያረካዎት ድረስ አሳምረው ያውጡ። ከዚያ በሁለቱ ጎኖቹ ላይ ቀጥ ያሉ ቀጫጭን እንጨቶች ከገጹ ዝቅ ብለው እንዲወርዱ አድርገው በኮላ ያጣብቁ፤ ፎርማው በማንኛውም ማዕዘን ላይ ሲቀመጥ እነዚህ እንጨቶች ጎኑን ይዘው በአንድ ቦታ ያቆሙታል። ለአራቱም ማዕዘን መስመሩ ከዚያው ይወሰዳል። ፎርማው ራሱ ወደ አንድ ወገን ያላጋደለ መሆኑን ለማወቅ ቅስቱን በወረቀት ላይ ያስምሩና ወረቀቱን በሰያፉ መሐል አጥፈው በመስኮት ብርሃን ይመልከቱት፤ ሁለቱ ግማሾች ካልተደራረቡ ገና ነው ማለት ነው።

ሥራው ወደ ማለቁ ሲደርስ ከዓይን ይልቅ ጣት ይታመናል። ዓይንዎን ጨፍነው አውራ ጣትዎን ከጎኑ ተነሥተው በቅስቱ ላይ ወደ ራሱ ያሳልፉ፤ ዓይን ያላየውን ጠፍጣፋ ቦታ ጣት ያገኘዋል።

ማዕዘኑ የሚድቦለቦለው ዕቃው ከመገጠሙ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

አንድ ወጥ ጣውላ ከሆነ ከመገጠሙ በፊት ነው፤ በሞርሳ ለማሰር ይመቻል። ከተለያዩ ቁራጮች ተገጥሞ የሚሠራ ክፈፍ ከሆነ ግን ኮላው ደርቆ ከጸና በኋላ ይሁን። በዚያ ጊዜ ቅስቱ መጋጠሚያውን ቆርጦ ውስጥ ያለውን ምላስ (ወደ ሌላው ቁራጭ የሚገባውን ጫፍ) እንዳያጋልጠው፣ ሬዲየሱ ከመወሰኑ በፊት ምላሱ እስከ የት እንደሚደርስ በላይኛው ገጽ ላይ በእርሳስ ማመልከት ያስፈልጋል። በማዕዘኑ አካባቢ ሚስማር ወይም ቪቲ ካለ ደግሞ የመጋዝ ጥርስ ሳይሰበር ቀድሞ ይነቀል።

የትኛውን ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ልጠቀም?

በ80 ይጀመራል፣ በ120 ይቀጥላል፣ በ180 ያልቃል። በ80 ቁጥር የወጣው ጭረት በ120 ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ወደ ቀጣዩ መሄድ ቨርኒሹ ከተቀባ በኋላ ጭረቱ ጎልቶ እንዲታይ ያደርጋል። ለቅስት የሚመቸው ጀርባው ጨርቅ የሆነው ወረቀት ነው። በርዝመቱ ቀጠን አድርገው ይቅደዱት፣ ሁለቱን ጫፎች በሁለት እጅ ይዘው ሊስትሮ ጫማ በጨርቅ ሲያብስ እንደሚያደርገው በማዕዘኑ ላይ ወዲያና ወዲህ ይሳቡት። ይህ ሞረዱ የተዋቸውን ጥቃቅን ጠርዞች ያዋህዳል። ብዙ ከሳቡት ግን የቅስቱን የላይና የታች ጠርዝ እየበላ መሐሉን ጉብ ያደርገዋልና ከጥቂት ምት በኋላ በስኳድራ ይፈትሹ።

ቨርኒሽ ስቀባ ማዕዘኑ ከሌላው ቦታ ጠቆረብኝ፤ ምክንያቱ ምንድን ነው?

በቅስቱ ላይ የቃጫው ጫፍ ይጋለጣል፤ ይህ ጫፍ ፈሳሽን ከገጹ ይልቅ አብዝቶ ስለሚጠጣ ይጠቁራል። ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛው ቅስቱን ከገጹ አንድ ደረጃ አልፎ ማለስለስ ነው፤ ገጹ በ180 ካለቀ ቅስቱ በ220 ወይም በ240 ይለቅ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ቅብ ማቅጠን ነው፤ ዘይት ቀመስ ቨርኒሽ በአኳራጅ ይቀጥናል፤ በቲነር የሚቀጥነውን ዓይነት ደግሞ በቲነር። ይህ ቀጭን ቅብ በቅስቱ ላይ ብቻ አስቀድሞ ተቀብቶ ሲደርቅ የቃጫውን አፍ ይደፍናል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቅብ በእኩል ይተኛል። የተልባ ዘይት የሚቀቡ ከሆነ፣ ያበሱበትን ጨርቅ ጨብጠው ሰጋቱራ ላይ አይጣሉት፤ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል ዘርግተው ከቤት ውጭ ያድርቁት።

ስለ ደኅንነት ምን ልጠንቀቅ?

የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ በተለይ ኤም ዲ ኤፍ ሲሠራ አይታለፍም፤ አቧራው ደቃቅ ሲሆን የሚያጣብቀው ሙጫም ለሳንባ ጥሩ አይደለም። በማሽን ሲሠራ የዓይን መነጽር ይደረግ፣ ነጠላና ሻርፕ ይወለቅ። ምላጭ የሚቀየረው መሣሪያው ከሶኬት ተነቅሎ ነው።

መጋዙ ከመስመሩ አልፎ ወደ ውስጥ ቆረጠብኝ፤ ጣውላው ተበላሸ ማለት ነውን?

በአብዛኛው አልተበላሸም። ጎድጎድ ያለውን ቦታ በስቱኮ መሙላት ለሚቀባ ኤም ዲ ኤፍ ይሆናል፤ ቨርኒሽ በሚቀባ ዋንዛ ላይ ግን ስቱኮው እንደ ቁስል ምልክት ሆኖ ይታያል። የተሻለው መንገድ ሬዲየሱን ከፍ ማድረግ ነው። ቁርጡ በሰያፉ መሐል ምን ያህል እንደገባ ይለኩና በ0.414 ያካፍሉት፤ የሚመጣው ቁጥር ሬዲየሱ የሚጨምርበት መጠን ነው። ለምሳሌ ሁለት ሚሊ ሜትር ገብቶ ከሆነ 4.8 ይመጣል፤ ስለዚህ 30 የነበረው 35 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አዲሱ ሬዲየስ በአራቱም ማዕዘን ላይ እኩል ይሠራበት፤ በሦስቱ 30 በአንዱ 35 የሆነ ጣውላ ለማንም ዓይን ያስታውቃል። ከማዕዘኑ ስንጣሪ ተገንጥሎ ከሆነ ደግሞ ቁራጩን ፈልገው ያግኙት፤ ቃጫው ከቃጫው ስለሚገጥም በኮላ መልሶ ማጣበቅ ይቻላል፤ በፕላስተር አጥብቀው አስረው ያሳድሩትና በማግሥቱ ሞረዱን ከጎን ወደ ራስ እየገፉ ይቀጥሉ።